አባቴ ወጨጫ ልውጣ ሲል

ጭንቀታም ነኝ። ከሁሉ በፊት ይህን ልናገረውና ይውጣልኝ። ልጆቼ ትምህርት ቤት መድረሳቸውን ሳላረጋግጥ ሻይ አይወርድልኝም። ምድጃ ማጥፋቴን ተጠራጥሬ ከታክሲ ወርጄ ወደ ቤት የተመለስኩባቸውን ቀናት ልቁጠር ብል ጣቴ አይበቃኝም። ሥራዬም አልረዳኝ። ቡራዩ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነኝ፤ አርፋጅ የምመዘግበው፣ አጥር ዘላይ የማሳድደው፣ "ነገ ወላጅ ይዘህ ና" የምለው እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ሰልፍ ላይ ሲጮህ የኖረ ጉሮሮ ደግሞ ቤት ሲገባ ዝም አይልም። ባለቤቴ "እዚህ ሰልፍ የለም እኮ" ይለኛል። እሱም ላይ እጮኻለሁ።

እንግዲህ አባቴ "ወጨጫ ልውጣ" ያለው ለእንደዚህ ዓይነቷ ሴት ነው።

አባቴ የሚኖረው ሰበታ ነው፤ እኛን ባሳደገበት ቤት። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ደም ብዛት ካለበት አሥር ዓመት አልፎታል። እናቴ ከሞተች በኋላ በረንዳው ላይ አንድ የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጦ ፊቱን ወደ ውጭው በር አዙሮ ተቀመጠ። ተቀመጠ ስል፣ በቃ ተቀመጠ። ዕድሩ ሲሰበሰብ "ቅጣቱን እከፍላለሁ" ብሎ ይቀራል። የድሮ ጓደኞቹ ካርታ ሊጫወቱ ሲጠሩት "ሌላ ቀን" ይላል። በላህ ሲሉት በላሁ፣ ተኛህ ሲሉት ተኛሁ። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ኖረ። እኔም በየእሑዱ ከቡራዩ እየሄድኩ "ኧረ ተነስ! ኧረ እግርህ ይተሳሰራል!" ስል ዓመት ከመንፈቅ ጮህኩ።

መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ደመናው ገለጥ ባለበት አንድ እሑድ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ በረንዳው ላይ አብረነው ተቀምጠን ነበር። ከበሩ በላይ ወጨጫ ወለል ብሎ ይታያል። አባቴ በእጁ ወደዚያ አመልክቶ፣

"ይሄን ተራራ ከአርባ ዓመት በላይ ሳየው ኖርኩ" አለ። "አንድ ቀን እንኳ እላዩ ላይ አልወጣሁም። እስቲ እኔም ደግሞ ከዚያ ላይ ሆኜ ቤቴን ልየው።"

ከእናቴ ሞት ወዲህ "እፈልጋለሁ" ሲል ስሰማው የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ደስ ይለኛል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እኔ ግን መጀመሪያ የታየኝ ደም ብዛቱ ነው።

"ይቻላላ!" አለ ወንድሜ። "ጠዋት ወጥተን ምሳ ሰዓት ላይ እዚሁ ነን።"

ወንድሜ ሱሉልታ ነው ያለው። ልጅ ሆኖ ሯጭ ልሁን ብሎ ሄዶ አልሆነለትም፤ አሁን ልምምድ የሚወጡ ሯጮችን የምታመላልስ ሚኒባስ ይነዳል። ከእነሱ ጋር ስለሚውል ዳገት የሚባል ነገር አይታየውም። ለእሱ ሁሉም ሜዳ ነው። ጓዳ ወስጄ በሹክሹክታ ጮህኩበት፤ በሹክሹክታ መጮህ እችልበታለሁ።

"አብደሃል? ደም ብዛት አለበት እኮ! ሰባ አንድ ዓመቱ ነው! እዚያ ላይ ወድቆ ቢቀር በምን ታወርደዋለህ? በሚኒባስህ?"

"አታካብጂ" አለኝ። "ከወንበሩ ተነስ ስትዪው አልነበር? ይኸው ተነስቷል።"

 እውነቱን ነው። ብከለክለው እዚያ ወንበር ላይ ይቀራል፤ አውቀዋለሁ፤ ሁለተኛ "እፈልጋለሁ" አይልም። ብፈቅድለት ደግሞ ልቡ ዳገት መሃል ቢከዳውስ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሁለቱ ፍርሃቶች መሃል ሆኜ እንቅልፍ አጣሁ። በሕይወት ያለ አንድ ወላጅ ነው የቀረኝ።

የምፈራውን ነገር መጻፍ ልማዴ ነው። ባዶ የስም መጥሪያ ደብተር ወስጄ የጉዞውን ዝርዝር ጀመርኩ። ውሃ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ዝናብ ልብስ፣ ፋሻ፣ ምርኩዝ፣ የስልክ ባትሪ፣ ተጨማሪ ካልሲ። ዝርዝሩ ሦስት ገጽ ሲሆን ባለቤቴ አይቶ "ለአንድ ቀን ነው ወይስ ልትሰፍሩበት ነው?" አለኝ። ስልኬ ላይ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራ የሚወጡ ወጣቶችን ቪዲዮ አያለሁ፤ ጫፍ ላይ ደርሰው ይዘላሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ከኋላቸው አገሩ ሁሉ ተዘርግቶ ይታያል። ሰው እይታውን ያያል። እኔ ገደሉን አያለሁ። ትምህርት ቤታችን ያለውን የስፖርት መምህር ተማሪ ይዞ ወጥቶ ስለነበር ያዝኩትና በጥያቄ አጣደፍኩት። "ኧረ እሜቴ፣ ቀላል ነው" አለኝ። ዕድሜውን ስጠይቀው ሃያ ስድስት አለኝ። እሱንም ከዝርዝሬ ሰረዝኩት።

ተራራው ሥር አባቴ በፋብሪካው ዘመን የተወዳጃቸው አንድ ገበሬ አሉ፤ እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ በኦሮምኛው "ኦቦ" ነው የምንላቸው፤ ጋሼ እንደማለት። ተወልደው ያደጉት እዚያው ነው፤ መንገዱን ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቁታል። መንገድ እንዲመሩን ልንለምናቸው ሦስታችንም ሄድን። እሳቸው "አካም ጅርቱ" ብለው ደህንነቱን ሲጠይቁ አባቴ "ነጋ፣ ነጋ"፣ ሰላም ነው፣ እያለ ተቃቀፉ። ከቤት ከወጣ ስንት ጊዜው! ሁለቱ በኦሮምኛም በአማርኛም እየቀላቀሉ ሲሳሳቁ እኔ ደብተሬን ገልጬ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ጊዜ አገኘሁ።

"ኦቦ፣ ጅብ አለ?"

"አለ። ቀን ይተኛል።"

"ገደልስ?"

"አለ።"

"እና ምን ይሻላል?"

"አይገባበትማ!" አሉና ሳቁብኝ። ከዚያ አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። "ሱታ፣ ሱታ ነው የሚወጣው። ቀስ እየተባለ። ከደከመ በቅሎዬ አለች።"

"በበቅሎ?" አለ አባቴ። "ሙሽራ ነኝ እንዴ?"

ስንመለስ መንገድ ላይ ብቻውን ፈገግ ሲል አየሁት። ደስ ሊለኝ ጀምሮ ነበር፤ ግን ወዲያው እንዲህ የተደሰተ ሰው ቢሞትብኝስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አያችሁ፣ እንዲህ ነኝ።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ጭቃው አልደረቀም ብዬ ሰረዝኩት። ሁለተኛውን፣ ሰፈራችን ለቅሶ ስለነበረ። ሦስተኛውን፣ ስልኬ ደመና ይኖራል ስላለ፤ ደመና ካለ ደግሞ ምን ሊታይ ነው? በዚያ ቅዳሜ ደመና የሚባል ነገር አልነበረም። አባቴ ሁልጊዜ "እሺ" ይላል። "ታዲያ መቼ ይሻላል?" ሲለኝ "እነግርሃለሁ" እለዋለሁ። ወንድሜ ግን አላስቻለውም። "አንቺ እኮ ዝርዝር እንጂ ቀን የለሽም" አለኝ በስልክ። ዘጋሁበት። ቆሽቴ ያረረው ስላናደደኝ ሳይሆን ስለነቃብኝ ነው።

በዚህ መሃል አባቴ እየተለወጠ መጣ። ጠዋት ጠዋት መውጣት ጀመረ። ጎረቤቶች "አባትሽ ጎህ ሲቀድ በእግራቸው ሲሄዱ አየናቸው" ይሉኛል። ስጠይቀው "እየተለማመድኩ ነው" አለኝ። እሰይ አልኩ። ክኒኑንም በየእሑዱ አያለሁ፤ ሁሌም እንደማደርገው ክኒኑ የታሸገበትን ቅጠል ከመሳቢያ አውጥቼ፣ ባዶዎቹን ጉድጓዶች ቆጥሬ፣ ልክ ሲሆን መልሼ አስቀምጣለሁ። ልክ ነበር። አንድም ቀን አልጎደለም። በልቤ ይሄ ሰውዬ ዳነ አልኩ።

በመጨረሻ ኅዳር ውስጥ፣ የገና ጾም ከመግባቱ በፊት ያለውን ቅዳሜ ቆረጥኩ። ዓርብ ከሰዓት አስፈቅጄ ወጣሁ፤ አየር ጤና ወርጄ የሰበታን ታክሲ ያዝኩ። ቦርሳውን በራሴ እጅ ካላዘጋጀሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። አባቴ በረንዳው ላይ ጫማውን ቅባት እየቀባ ነበር። ገብቼ ከቁም ሳጥኑ ወፍራሙን የሥራ ጃኬቱን አወጣሁ፤ ላይ ብርድ ይኖራል ብዬ። ኪሱን ስዳብስ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። የተቋጠረች ትንሽ ፌስታል ናት። ስፈታት ክኒን ነው። የደም ብዛቱ ክኒን፣ አንድ በአንድ ከቅጠሉ የተፈለቀቀ። ቆጠርኳቸው። አሥራ አራት።

ሁለት ሳምንት።

እንዴት ወጥቼ ፊቱ እንደቆምኩ አላስታውስም። "ይሄ ምንድን ነው?" ስል ከጎረቤት ውሻ ጮኸ። አባቴ ጫማውን አስቀምጦ ብድግ አለ፤ እጆቹን አጣምሮ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። ይህን አቋቋም አውቀዋለሁ። ቢሮዬ የሚጠሩ ተማሪዎች የሚቆሙት እንዲህ ነው።

"ጸበል ጀምሬ ነው" አለ። "ለተራራው ጉልበት እንዲሰጠኝ ብዬ። ጠዋት ጠዋት እጠመቃለሁ፤ እጠጣለሁም። ሁለቱ አብረው አይሄዱም ብዬ ክኒኑን ለጊዜው ተውኩት።"

"ለምን ትፈለቅቀዋለህ ታዲያ?"

"እሑድ እሑድ ስለምታዪው።"

"ካልዋጥከው ለምን አልጣልከውም?"

"መድኃኒት ይጣላል እንዴ?" አለ፤ ደነገጠ።

በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። የዚያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። "ነገ ዳገት ላይ ድፍት ብትልስ? ማን ሊጠየቅ ነው? ይዛው ወጥታ ገደለችው ሊባል? አይደረግም! ወጨጫ የሚባል ነገር ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳይነሳ!" አልኩ። ሌላም ሌላም አልኩ።  አባቴ ዞሮ ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የፈራሁት ነገር በገዛ አፌ ሲሆን ቆሜ አየሁት።

ወንድሜ ከሱሉልታ ሻንጣውን አንግቶ ሲደርስ እንደዚያ ሆነን አገኘን። ክኒኖቹን አሳየሁት። አልጮኸም፤ ሻንጣውን አስቀምጦ "አባባ፣ ና ጤና ጣቢያ ደርሰን እንምጣ" አለውና ክንዱን ያዘው። ተከተልኳቸው።

ነርሷ ወጣት ናት። ለካችው፤ ፊቷ ተለወጠና እንደገና ለካችው። "በጣም ከፍ ብሏል አባት። ራስዎን አያምዎትም? አያዞርዎትም?"

አባቴ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ እኔ አየ። "አይ፣ ደህና ነኝ" አለ።

"ደህና ነኝ ይበል እንጂ..." ብዬ ልጀምር ስል ነርሷ በትሕትና አቋረጠችኝ። "እህቴ፣ እስቲ አንቺ ትንሽ ውጭ ጠብቂን።"

እኔን! ወላጅ አስወጥቼ ተማሪ የማናግረውን እኔን! ወጣሁ። በሩ ላይ መጋረጃ እንጂ መዝጊያ አልነበረውም፤ ድምፁ ይሰማል። አባቴ ቀስ ብሎ፣ ለማያውቃት ልጅ፣ "ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ማጅራቴን ይወቅረኛል። ዛሬ ጠዋት ከጸበል ስመለስ አዙሮኝ አጥር ይዤ ቆሜያለሁ" ሲል ሰማሁ።

ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ፤ መድኃኒት ሰጥተው አስተኙት። ሲቀንስለት፣ ክኒኑን ሳያቋርጥ ከወሰደና በየሳምንቱ እየመጣ ከታየ ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ቀስ ብሎ መሄድ እንደማይከለከል ነገሩት። እውነቱን ልናገር፤ ጉዞው መቅረቱን ስሰማ ደስ አለኝ። ፊቴ ላይ ሳያነበው አልቀረም። ወንድሜ መድኃኒት ሊያወጣ ሲሄድ ውጭ አግዳሚው ላይ ሁለታችን ቀረን።

"ለነርሷ የነገርካትን ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት። ያን ጊዜ አልጮህኩም፤ አቅም አልነበረኝም።

"ትጮሂያለሻ ልጄ" አለ። በቁጣ አይደለም፤ እንደ ቀላል ነገር ነው ያለው። ከዚያ፣ "እናትሽም እንደዚያው ነበረች" አለ።

"እንዴት ነበረች?"

"ያኔ ሆዷን ሲቆርጣት። ሦስት ቀን ሙሉ ታመመች እኮ። 'ለእሷ እንዳትነግራት፤ ሥራዋን ጥላ እየጮኸች ትመጣለች፤ ያልፍልኛል' አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ። በአራተኛው ቀን ነው የደወልኩልሽ።"

እናቴ ሆስፒታል የገባች ቀን ሐኪሙ "መቼ ነው የጀመራት?" ሲል የመለስኩት እኔ ነበርኩ። አባቴ አፉን ከፍቶ ነበር። ቀደምኩት። "ዛሬ ጠዋት" አልኩ፤ ጥርት ባለ ድምፅ፤ እንደማውቅ ሆኜ።

ሦስት ቀን። ሦስቱን ቀን ምን ስሠራ እንደነበር አስታወስኩ። በየማታው ደውዬላታለሁ። "ደህና ነሽ?" ብያለሁ፤ "ደህና ነኝ" ብላለች።  ቀድመን ወስደናት ቢሆን ትድን ነበር ወይ የሚለውን ሐኪም ጠይቄ አላውቅም፤ እስከ ዛሬም አልጠይቅም። እፈራለሁ። አባቴ የተናገረው ሊወቅሰኝ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። ስለጠየቅኩት ነው የነገረኝ። እኔ ነኝ እስከዚያ ቀን ጠይቄ የማላውቀው።

ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ድምፄ አልወጣ አለኝ። ተማሪዎቹ "ቲቸር አሟታል" ተባባሉ። እሑድ ሰበታ ሄድኩ። መሳቢያውን አልከፈትኩም፤ እጄ ግን በላኝ። አባቴ አጠገብ ዱካ ስቤ ተቀመጥኩ።

"ወጨጫ እንወጣለን" አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ።

"ሐኪሙ ሲፈቅድ። ክኒንህን ውሰድ። ግን አንድ ነገር ቃል ግባልኝ። መንገድ ላይ ካዞረህ፣ ከደከመህ፣ ካመመህ፣ ትነግረኛለህ። ወንድሜን አይደለም፣ ኦቦን አይደለም። እኔን።"

"አንቺስ?"

"አልጮህም።"

ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። "እስቲ እናያለን" አለ።

የቤተ ክርስቲያኑን ቄስ ራሱ ሄዶ ጠየቃቸው። "ክኒኑንም በጸበሉ ዋጠው፤ ማን ተው አለህ?" ብለው ተቆጡት። ለእኔ ሲነግረኝ "እሳቸውም እንዳንቺ ናቸው" አለ። በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ ሄደ፤ ለነርሷ ብቻውን አወራት፤ እኔ ሳልጠራ አልገባሁም። ግፊቱ ወረደ። ጥር ውስጥ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ቅዳሜ እንዲወጣ ተፈቀደለት። በዋዜማው ቦርሳውን ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ አዘጋጀሁ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። ኦቦ ከፊት፣ ቀጥሎ አባቴ፣ ከዚያ እኔ፣ ከኋላ ወንድሜ። ባህር ዛፉን አልፈን፣ ገብስ የታጨደበትን ማሳ አልፈን፣ ጥዱ መሃል ገባን። እኔ ዛፍም ወፍም አላየሁም። የማየው የአባቴን ማጅራት ነው። ላቡን አያለሁ፤ ትንፋሹን እቆጥራለሁ፤ እግሩ ድንጋይ ላይ ሲንሸራተት ነፍሴ ትወጣለች። "ደህና ነህ?" ልለው ሃያ ጊዜ አፌ ተከፍቶ ሃያ ጊዜ ዘጋሁት። ጠይቄው ምን ሊለኝ? ደህና ነኝ ነዋ። እናቴም ደህና ነበረች።

ጥዱ አልቆ ሣሩ ሲጀምር አገሩ ከበታቻችን ተከፈተ። የበቾ ሜዳ ቢጫ ሆኖ እስከ ዓይን ጥግ ተዘርግቷል፤ ወደ ተጂ የሚወስደው መንገድ መሃሉን ሰንጥቆ ይሄዳል፤ የሰበታ ቆርቆሮ ፀሐይ እየመታው ያብለጨልጫል። በግራ በኩል በጣም ርቆ ዝቋላ ብቻውን ቆሟል። አባቴ ቆም እያለ ያያል፤ የፋብሪካውን ጣሪያ ለወንድሜ ያሳየዋል። ጫፉ ቀርቦ ነበር። እዚያ የደረሱ ወጣቶች ሲስቁ ድምፃቸው ይሰማን ነበር።

ያን ጊዜ አባቴ ቆመ። ምርኩዙን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ዞሮ አየኝ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ለነርሷ ከመመለሱ በፊት ያየኝ አስተያየት ነው፤ ያው ራሱ። ወደ ጫፉ ቀና አለ፤ ተመልሶ እኔን አየኝ። እየመዘነ ነው። ልናገር ወይስ ልደብቅ እያለ ነው። በልቤ ለመንኩት። በአምላክ፣ በማርያም፣ ንገረኝ፤ ንገረኝ አባዬ። 

"ልጄ" አለ። "አዞረኝ። ጉልበቴም ከዳኝ። ከዚህ በላይ የምችል አይመስለኝም።"

"አላልኩህም!" የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ለሃያ ዓመት የጮህኩት ሁሉ ጉሮሮዬ ውስጥ ተሰብስቦ ነበር። ዋጥኩት። እንደ ክኒን ዋጥኩት።

"እሺ አባባ" አልኩ። "እንቀመጥ።"

ጃኬቴን ሣሩ ላይ አንጥፌ አስቀመጥኩት። ወንድሜ ውሃ ሰጠው፤ ኦቦ ነፋሱን በጋቢያቸው ከለሉለት።  አባቴ አንገቱን ቀብሮ ጩኸቱ እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ጥቂት ቆይቶ ፊቱ ተመለሰ፤ ትንፋሹ ረጋ።

"አልጮህሽም" አለኝ።

"አልጮህኩም" አልኩ፤ ግን እንባዬ ወረደ። ወንድሜ "ጫፉ እኮ እዚህ ነው፤ ዐርፈን..." ብሎ ሊጀምር ኦቦ በዓይናቸው ዝም አሰኙት። ጫፉን አልረገጥነውም። ቅር ያለው ሰው ካለ ወንድሜ ነው።

ስንወርድ አባቴ ክንዴን ይዞ ነበር፤ ቀስ እያልን ነው። ትንሽ ሄደን፣ ሳልጠይቀው፣ "የግራ ጉልበቴም ያመኛል። ከፋሲካ ጀምሮ ነው" አለኝ።

 "እሺ" አልኩ። "ሌላስ?"

"ሌሊት ሌሊት እግሬን ያቃጥለኛል።"

"እሺ።"

"አንዱ ጆሮዬ ደግሞ ብዙ አይሰማም። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ሌሊት እየነቃሁ ዝም ብዬ የምቀመጥበት ጊዜ አለ። ባለፈው ክረምት ደግሞ ሻወር ቤት ወድቄ ነበር።"

እስከ ታች ድረስ እየነገረኝ ወረደ፤ ጥርሱን፣ ዓይኑን፣ ወገቡን፣ ሕልሙን። እኔም በእያንዳንዱ እየደነገጥኩ፣ ክንዱን ጠበቅ አድርጌ ይዤ፣ "እሺ አባባ፣ ከዚያስ?" እያልኩ ወረድኩ።